የጥር ጤፍ፣ የነሐሴ ጤፍ

ቃሊቲ ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር ወፍጮ ቤት በር ላይ አንድ የጥር ቅዳሜ ጠዋት ያየሁት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ አዛውንት ገበሬ ሦስት ኩንታል ጤፍ በጋሪ አስጭነው ከአቃቂ ማዶ መጡ። የአውድማው እብቅ ገና ከጋቢያቸው አልተራገፈም። ባለወፍጮው ወጣት ነው። የአንዱን ጆንያ አፍ ፈታና ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ ከተተ፤ ከታች የዘገነውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ አለበት። በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገውና፣

«ሰርገኛ ገብቶበታል አባባ» አላቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ይኼ ከአንድ ማሳ የወጣ ነጭ ጤፍ ነው። ሌላ ዘር አልነካውም።»

«እኔ የማየውን ነው የምነግርዎት። ካልተስማማዎት ሌላ ጋ ይሞክሩት።»

ሽማግሌው ወደ ባለጋሪው ዘወር አሉ። ባለጋሪው ሌላ ሥራ እንዳለበት ሰው ልጓሙን ይዞ ቆሟል። ጆንያውን መልሶ መጫን ሌላ ሒሳብ ነው፤ ወደሚቀጥለው ወፍጮ ቤት መሄድም ሌላ። እዚያም ሌላ ክንድ ጆንያው ውስጥ ይገባል። «እሺ፣ መዝነው» አሉ። ከመጡ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም። ብሩን ቆጥረው በመሐረብ ቋጥረው ሲወጡ ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ እስከ ክረምት ለምን እንዳላቆዩት ጠየቅኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ። ግብር አለ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ለካቲት የተቆረጠ የልጅ ሠርግ አለ። «ቢቆይማ ማን ይጠላል» ብለውኝ ሄዱ።

በነሐሴ እዚያው ወፍጮ ቤት ጤፍ ልገዛ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበሩት እናት የሚገዙት በአምስት ኪሎ በአምስት ኪሎ ነው። ዋጋው የጥር ዋጋ አልነበረም። ያ «ሰርገኛ ገባበት» የተባለ ጤፍም «ነጭ» ተብሎ ሲሸጥ ሰማሁ። በእርግጥ የሽማግሌው ጤፍ መሆኑን ማረጋገጥ አልችልም። በጥር ገበሬው ሲሸጥ ዝቅ ያለው ደረጃ በነሐሴ ሸማቹ ሲገዛ ከፍ ማለቱን ግን የአዲስ አበባ እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

የገበሬ ዋጋ ጉዳይ ሲነሣ ጣታችን ቶሎ ብሎ የሚቀሰረው ደላላው ላይ ነው። ደላላው ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም። ዋናው ነገር ግን ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ገበሬው የሚያገኘውን ዋጋ ከማንም በላይ የሚወስነው የራሱ የመጠበቅ አቅም ነው። አቅሙ ደግሞ እኩል አልተከፋፈለም። አንድ ቀበሌ ውስጥ፣ ባንድ ዓይነት አፈር ላይ፣ ያንኑ ዘር የዘሩ ሁለት ጎረቤታሞች ባንድ ዓመት ሁለት ዋጋ ያገኛሉ።

ይህን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ገበሬ ሁለት ጥማድ በሬ አለው፤ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ጎተራው ነቀዝና አይጥ አይደፍረውም። ከተማ ያለች ልጁ በየወሩ ትንሽ ብር ትልክለታለች። በጥር ግብሩን ከልጁ ብር ከፍሎ፣ አንድ በግ ሸጦ፣ ጤፉን ይከድናል። ሐምሌ ሲገባ ነጋዴው ራሱ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ሁለተኛዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መሬት አላት፤ በሬ የላትም፤ የሚያርስላት ጎልማሳ ልጅም የላትም። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች፤ አውድማ ላይ ግማሹ ይሄዳል። ከቀረው ግማሽ ለዘር ይነሣል፤ ለቀለብ ይነሣል። የተረፈው ሙሉ ኩንታል አይሆንም። ወደ ከተማ አስጭኖ መውሰድ አያዋጣትም፤ ስለዚህ በጣሳና በቁና እየሰፈረች መንደር ለመንደር ለሚዞር ሰብሳቢ ትሸጣለች። ሰብሳቢው የራሱን ቁና ይዞ ይመጣል። የቁናው አፍ በማን እጅ እንደሚላግ መናገር አያሻም። ሐምሌ ሲገባ ይህችው ሴት ገበያ ወጥታ እህል ትገዛለች። በርካሽ ሸጣ በውድ ትገዛለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይህን ጉድለት ለመሙላት ገና አጨዳው ሳያልቅ ትሸጣለች።

የሁለቱን አማካይ ወስደን «የገበሬው ዋጋ» ስንል የተናገርነው ስለማንኛቸውም አይደለም። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ጤፍን ከማሳ እስከ አዲስ አበባ ተከትለው ያጠኑት ጥናት አለ። ውጤቱ ብዙዎችን ያስደነቀ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው ሸማች ከሚከፍለው ዋጋ ገበሬው እጅ የሚደርሰው ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ይህን ይዘው «ታዲያ ደላላው ምን በላ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ቁጥሩን የማነበው በሌላ መንገድ ነው። 80 በመቶው የሚሰላው በዚያው በሽያጩ ወቅት ካለው የከተማ ዋጋ ነው። የጥር 80 በመቶና የነሐሴ 80 በመቶ እኩል ብር አይደሉም። ሰንሰለቱ አጭርና ቀልጣፋ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰንሰለት ላይ ግን ማን በየትኛው ወር እንደሚሸጥ የሚወስነው ሀብት ነው።

በወሩ ላይ የመንግሥትም እጅ አለበት። ለረጅም ዓመታት ማዳበሪያ ለገበሬው የሚሰጠው በክልል መንግሥታት ዋስትና በብድር ነበር፤ ዕዳው የሚሰበሰበውም እህሉ እንደተወቃ ነበር። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውም በዚያው ሰሞን ይጠየቃል። የቀበሌ ሹም ወደ አውድማ የሚመጣው ዋጋ በየዓመቱ ዝቅ በሚልበት ወር ላይ ነው ማለት ነው። ሹሙ ይህን ያደረገው በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ገበሬው እጅ ላይ ብር የሚገኘው ያኔ ነው ብሎ ነው። ሁሉም ባንድ ሳምንት ሲሸጥ ግን ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው ይብሱን ይወርዳል። በ1994 ዓ.ም. የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጥሩ ዝናብ ጣለ፤ በቆሎ ተትረፈረፈ። በዋና ዋና አምራች አካባቢዎች የበቆሎ ዋጋ እስከ 80 በመቶ ድረስ ወደቀ። በቆሎውን መሰብሰቡ ኪሳራ የሆነባቸው ገበሬዎች ማሳው ላይ እንደቆመ ተዉት። የማዳበሪያ ዕዳው ግን አልወደቀም። ዕዳቸውን ለመክፈል በሬያቸውን የሸጡ ነበሩ። በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ምን ያርሳል? ከዚያ ዝናቡ ሲጠፋ በ1995 ዓ.ም. የምግብ ርዳታ የሚጠብቀው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በጥጋብ ዓመት የወደቀ ዋጋና በማግስቱ የመጣ ረሃብ ያን ያህል ቅርብ ናቸው።

ያኔ በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያን የእህል ገበያ አጥንተው ያሳተሙት ከዚያ ውድቀት ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ያጠኑት ነገር የሰው ለሰው ትውውቅ ነው። አዲስ አበባ እህል በረንዳ ገበያ ያለ ደላላ የክፍለ ሀገር ነጋዴ የላከውን መኪና ይቀበላል፤ እህሉን አይቶ ደረጃ ያወጣለታል፤ ገዢ ያገኝለታል፤ ገንዘቡን ይልክለታል። የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ እዚያ የለም። እህሉን የሚያምነው ለሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ዝግ ያለ፣ ሚዛኑ የተለያየ፣ ደረጃው በዓይን የሚወጣ ገበያ ላይ ውል ማለት ሰው ማወቅ ነው። ሰው የሚያውቅ ነጋዴ ያተርፋል፤ የማያውቅ ከቅርቡ ገበያ አይርቅም።

እዚህ ላይ ጥናቱ ስለ ነጋዴ ያለውን ወደ ገበሬው ልውሰደው። ነጋዴው እንኳ ያለ ትውውቅ እንዲህ ከታጠረ ገበሬው ምን ያህል ይታጠር? የነጋዴው ትውውቅ የሚገነባው በአንድ ብሔር ልጅነት፣ በአንድ ሃይማኖት ማኅበር፣ በዝምድና፣ በእቁብ ነው። ገበሬው ከእነዚህ ከብዙዎቹ ውጭ ነው። ዛሬ ሞባይል ስልክ ስላለ ዋጋ ይሰማል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክደውም። ግን እህል በረንዳ ጤፍ ስንት እንደዋለ ማወቅና እህል በረንዳ ላይ የሚቀበልህ ሰው መኖር ለየቅል ናቸው። ያ የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ የዕለቱን ዋጋ ሳያውቁ የመጡ አይመስለኝም። ያጡት «ይኼ ሰርገኛ አይደለም» የሚልላቸው ሌላ ዓይን ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህን ሌላ ዓይን ሊሆን ነበር የታሰበው፤ ደረጃው በላቦራቶሪ፣ ሚዛኑ በማሽን፣ ዋጋው በአደባባይ። ለቡናና ለሰሊጥ ብዙ ሠርቷል። ጤፍና በቆሎ ላይ ግን እግሩ አልጸናም። መጋዘኑ የሚቀበለው በሎት በመሆኑ ሦስት ኩንታል የያዙ ሽማግሌ ብቻቸውን ደጁ አይደርሱም። ቃሊቲና ገላን ላይ ከተደረደሩት የቡና ማበጠሪያ መጋዘኖች ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች ያየ ሰው ደግሞ የደረጃን ነገር በሌላ በኩል ያየዋል። የአንድ ከረጢት ቡና ደረጃ የሚወጣው በእነሱ ጣት ነው። በየቀኑ የሚከፈላቸው ግን ደረጃው ከሚያመጣው ዋጋ ጋር አይገናኝም።

መጠበቅ ያለው ሰው ዕድል መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ሰጥቶ የቀረውን ነበር ገበያ የሚያወጣው፤ ባለመሬቱ ግን የተሰበሰበለትን ጎተራ ሞልቶ ዋጋ ይጠብቅበት ነበር። መጠበቅ የባለመሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ተሰበረ። ትልቅ ድል ነበር። ከዚያ ደርግ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቁሞ ለገበሬ ማኅበራት ኮታ ደለደለ፤ ኮታው የሚገዛው ከገበያው ባነሰ በተቆረጠ ዋጋ ነው። እህሉ ወደ ጦሩ፣ ወደ ቀበሌ ኅብረት ሱቆችና ወደ ከተሜው ሄደ። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ከጥቁር ገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን በርካሽ ያስረክብ ነበር። ሀብታሙ ገበሬ ኮታውን ከትርፉ ሰጥቶ የቀረውን በነጻ ገበያ ይሸጣል፤ ድሃው ከቀለቡ ይሰጣል። ኮታው በወረቀት እኩል ነበር፤ ሸክሙ ግን እኩል አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ኮታ የለውም። ከተማው ግን አሁንም ከገጠሩ በላይ ድምፅ አለው። ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ በ1998 ዓ.ም. ተከለከለ፤ በኋላ ለተወሰኑ ሰፋፊ እርሻዎች በጥቂቱ ተፈቀደ እንጂ ክልከላው ለዓመታት አልተነሣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንጀራ ከተወደደ ከተማ ይረበሻል። እኔም ከተሜ ነኝ፤ እንጀራ ሲወደድ ያመኛል። ይሁን እንጂ የከተሜውን እንጀራ ለማርከስ ድጎማውን የከፈለው ማን እንደሆነ በግልጽ መናገር አለብን። የከፈለው ጤፍ አምራቹ ነው። ማንም ሳይጠይቀው፣ በጀት ሳይያዝለት፣ አመሰግናለሁ ሳይባል። በየካቲትና መጋቢት 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጤፍ ኩንታል ወደ 10,000 ብር ሲጠጋ፣ በየኬላው እህል የጫኑ መኪናዎች መታገዳቸው ሲነገር፣ ከተማው ጮኸ። በዚያ ዋጋ ግን የከበረው ያ በጥር የሸጠው ሽማግሌ አይደለም። የከበረው እስከ የካቲት የጠበቀው ነው፤ ነጋዴም ይሁን ሀብታም ገበሬ። መኪናው ኬላ ላይ ሲታገድ አዲስ አበባ ያለው ዋጋ ይንራል፤ ኬላው ማዶ ያለው የገበሬው ዋጋ ግን ይወርዳል፤ ምክንያቱም ገዢ አይመጣለትም።

እስካሁን ያልኩት ለአድአ ሜዳም ለበቾም ለምንጃርም ይሠራል። ቃሊቲ ላይ ግን አንድ የተለየ ነገር አለ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። እዚህ የጤፍ ዋጋ የመሬት ዋጋ ሆኗል።

አቃቂ ቃሊቲ የጤፍ አገር ነበር። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ላይ ዛሬ በተደረደሩት ኮንዶሚኒየሞች ሥር ያለው አፈር ያ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ያበቅል የነበረ። በፋብሪካዎቹ፣ በመጋዘኖቹ፣ በመንገዶቹ ሥር ያለውም እንዲሁ። ገበሬው መሬቱን አልሸጠም፤ መሸጥም አይችልም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሚከፈለው ካሣ ነው። ካሣው እንዴት እንደሚሰላ አዋጁን ከፍቶ ማየት ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ እንዲህ አለ፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ይባዛል። ገቢው ደግሞ የሚሰላው ከማሳው በሚገኘው ምርትና በአካባቢው የሰብል ዋጋ ነው።

ቆም ብለን እናስላው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ስሌቱ ግን የአዋጁ ነው። አንድ ሄክታር 15 ኩንታል ጤፍ ይሰጣል እንበል። በአምስት ዓመት ውስጥ የኩንታሉ የገበሬ ዋጋ 400፣ 500፣ 700፣ 900 እና 1,000 ብር ሆነ እንበል፤ የኑሮ ውድነት ባለበት አገር ዋጋ እንዲህ ነው የሚሄደው። አማካዩ 700 ብር ነው። 15 ኩንታል በ700 ብር 10,500 ብር። በአሥር ሲባዛ 105,000 ብር። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ካሬው 10 ብር ከ50 ሳንቲም መጣ። በዚያው ወቅት የአዲስ አበባ የሊዝ ጨረታ ዋጋ የሚነገረው በካሬ ሜትር በሺዎች ብር ነበር። ይህን ልዩነት ሁሉም ያየዋል፤ ብዙም ተጽፎበታል። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባና ኦሮሚያ የተቀናጀው ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው ተቃውሞም በከፊል ከዚህ የመነጨ ነው፤ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. እስኪተው ድረስ የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል።

ብዙ ያልተጻፈበት ሌላው ነው። በስሌቱ መጀመሪያ ላይ ያለችው የኩንታል ዋጋ ከየት መጣች? ከጥር ነው። ከዚያ ወፍጮ ቤት በር፣ ከዚያ «ሰርገኛ ገብቶበታል» ከተባለበት፣ ከዚያ የሰብሳቢ ቁና ነው። «የአካባቢው የገበያ ዋጋ» ተብሎ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ድሃው ገበሬ ዕዳ ሲያሳድደው የተቀበለው ዋጋ ከሆነ፣ ያ የአንድ ቀን ውርደት በአሥር ተባዝቶ የዘላለም ዋጋው ሆነ ማለት ነው። በነሐሴ ዋጋ ቢሰላስ? በተመሳሳይ ማሳያ የነሐሴው ዋጋ ከጥር ዋጋ በ30 በመቶ ይብለጥ፤ የሄክታሩ ካሣ ከ105,000 ወደ 136,500 ብር ያድጋል። አሁንም ትንሽ ነው። ግን 31,500 ብር ለዚያች ባል ለሞተባት ሴት የአንድ ክፍል ቤት ጣሪያ ነው። አማካዩም ራሱ ገበሬውን ይጎዳዋል፤ ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት አገር የአምስት ዓመት አማካይ መውሰድ ማለት ካሣውን ከሁለት ዓመት በፊት በነበረ ብር መክፈል ነው፤ ገበሬው ግን አዲሱን ቤት የሚሠራው በዛሬ ሲሚንቶ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህ ተሻሽሏል። በቋሚነት የሚነሣ ገበሬ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ተደነገገ። አማካዩ ቀርቶ ከፍተኛው መያዙ፣ አሥሩም አሥራ አምስት መሆኑ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ያመጡት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። የኩንታሉ ዋጋ ግን አሁንም የጥር ዋጋ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ማባዣው ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ሲያድግ በመነሻ ዋጋው ላይ ያለው እያንዳንዱ የብር ጉድለትም አብሮ አድጓል። እኩል አራሹስ? መሬቱ በባለይዞታዋ ስም ነው፤ እሱ ግማሹን ምርት ሲያመርት የኖረ ነው። ማሳው ሲሄድ ካሣው የባለይዞታዋ ነው፤ ለእሱ የሚቀረው ሞፈርና ቀንበሩ ነው። ዛሬ ቃሊቲ ላይ ጫኝና አውራጅ ከሚሠሩት መካከል አባቶቻቸው እዚሁ መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ አሉ። ከዝዋይና ከመቂ የመጣ የሰው ሽንኩርት ያወርዳሉ።

ሽንኩርት ካነሣሁ አይቀር፣ የአትክልት ነገር ከእህል ይብሳል። ጤፍ ቢያንስ ይቆያል፤ ቲማቲም በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ቆይቶም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ቦታው ተለወጠ፤ የደላላው ጉልበት ግን አልተለወጠም። ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ሌሊት ሲገባ ዋጋ የሚቆርጠው ደላላ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ይችላል፤ ቲማቲሙ አይችልም። የአቃቂ ወንዝ ዳር ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙት ደግሞ ሌላ ቅናሽ ይሸከማሉ። ወንዙን ያቆሸሹት ፋብሪካዎችና ከላይ ያለው ከተማ ናቸው። ሸማቹ ግን «የአቃቂ ነው» ብሎ ዋጋ የሚያወርደው ገበሬው ላይ ነው። ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ጤና ቀልድ አይደለም። ቅጣቱ ያረፈው ግን ባልበከለው ሰው ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁሉን የሚፈታ ቁልፍ አለኝ አልልም። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች አሉ፤ በሉሜ፣ በአድአ፣ በበቾ ገበሬው ተሰባስቦ እንዲሸጥ ያደርጋሉ። ጥሩ የሚሠሩበት ቦታ ላይ ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ። ችግሩ ዩኒየን ገንዘብ የሚያገኘው ዘግይቶ መሆኑ ነው፤ ገበሬው እህሉን አስረክቦ ብሩን ሁለት ወር ከጠበቀ ያ ለድሃው ዩኒየን አይደለም። ስለዚህ በዩኒየኑ ሥር ያሉትን መሠረታዊ ማኅበራት የሚመራውም የሚጠቀምባቸውም መጠበቅ የሚችለው ይሆናል። ዩኒየኑ እህሉን ሲረከብ ከዋጋው እኩሌታውን በዚያው ቀን የሚከፍልበት፣ የቀረውንም በክረምት ዋጋ የሚያስተካክልበት የባንክ ብድር ቢመቻችለት ነገሩ ይለወጣል። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ደረሰኙን አስይዞ መበደር ማለት በሌላ አነጋገር መጠበቅን ለድሃው ማበደር ነው። አነስተኛ ገበሬ ጋ እንዲደርስ መደረግ አለበት። የግብሩና የዕዳው መክፈያ ወርም ከጥር ወደ ግንቦት ቢገፋ መንግሥትን ብዙ አያስወጣውም። ለገበሬው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ገበሬው ድምፅ ያስፈልገዋል። ሕንድ ውስጥ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የፑንጃብና የሃሪያና ገበሬዎች ትራክተራቸውን ይዘው ዴልሂ ዳር አንድ ዓመት ያህል ሰፍረው ሦስት የገበያ ሕጎችን አስሽረዋል። ሕጎቹ ትክክል ነበሩ አልነበሩም ሌላ ክርክር ነው። እኔን የገረመኝ ገበሬ ስለራሱ እህል ዋጋ ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት መቀመጡ ነው። እኛ ጋ ጤፍ ሲወደድ ሸማቹ በቴሌቪዥን ይጠየቃል፣ ነጋዴው ይጠየቃል፣ ባለሥልጣኑ መግለጫ ይሰጣል። ጤፉን ያመረተው ሰው ሲጠየቅ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ይህን የሚያነቡ የክፍለ ከተማችን የካሣ ገማቾች፣ የግብርና ባለሙያዎችና የወረዳ ኃላፊዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። በአቃቂ ቃሊቲ ገና ያልተነሡ ገበሬዎች አሉ። ነገ ማሳቸውን ስትለኩ የኩንታሉን ዋጋ ከጥር ገበያ አታንሡ። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ በነሐሴ ነጭ ጤፍ ስንት እንደተሸጠ ጠይቁና እሱን ጻፉ። ማመልከቻ የማይጠይቅ፣ አዋጅ የማያስቀይር ነገር ነው፤ በእጃችሁ ያለ ነው።